ጸሐፊው ለምን ከፕሬዚዳንቱ ይቀድማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ላይ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጠቅሼ ነበር። በወጣትነቴ በአንድ አውራጃ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ መሥራቴን። በኋላ በማታ ትምህርት ታሪክ አጥንቼ መምህርት ብሆንም፣ አንባቢዎች የያዙት ያቺን መዝገብ ቤት ነው። ጥያቄው ጎረፈ። ስድስቱን መርጫለሁ። ስለ ውጭ አገር ስጽፍ ዘመኑ የፈረንጅ ነው። የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እልበታለሁ።

ጥያቄ፦ «የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የድሮ ዜና በዩቲዩብ ሳይ "የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ፣ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና የአብዮታዊ ጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ" ሲባል እሰማለሁ። እኛ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ማለት ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ናት። ጸሐፊነት ከፕሬዚዳንትነት እንዴት ቀደመ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን እኔም በ20 ዓመቴ ጠይቄያለሁ። በሆዴ ነው እንጂ ጮክ ብዬማ ማን ደፍሮ! ማዕረጉ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው፤ ኢሠፓ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሕዲሪ ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ማለት ነው። ያንን ማዕረግ በሬዲዮ ስንሰማ ስለኖርን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ነበር። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲሁ የመጣ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ሩሲያ ነው። የሌኒን ወገን የሆኑት ቦልሼቪኮች ሥልጣን በያዙ ሰሞን የፓርቲው የሰው ኃይል ሥራ ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ያኮቭ ስቬርድሎቭ ይባላል። ማን የት ከተማ እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚችል እሱን መጠየቅ ነው። ማርች 1919 ላይ ታሞ ሞተ። በዚያው ሰሞን የተሰበሰበው 8ኛው ጉባኤ ሥራውን ለሦስት አከፋፈለው። ፖሊት ቢሮ ፖለቲካውን ይወስናል። ኦርግ ቢሮ ድርጅቱን ያደራጃል። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱን ያንቀሳቅሳል። አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ሁሉ ልባቸው ያለው ፖሊት ቢሮው ጋ ነው። ጽሕፈት ቤት ምን አለው? ደብዳቤ፣ ምደባ፣ ዝውውር። ኤፕሪል 3 ቀን 1922 ስታሊን ዋና ጸሐፊ ተብሎ ሲሰየም ብዙዎቹ አሰልቺ ሥራ የሚሸከም ሰው የተገኘ ነው የመሰላቸው። «ጓድ ካርድ ሳጥን» እያሉ ያሾፉበት ነበር ይባላል።

ሳጥኑ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው። ጽሕፈት ቤቱ የክፍለ ሀገሩን ጸሐፊ ይመድባል። የክፍለ ሀገሩ ጸሐፊ ወደ ጉባኤ የሚሄደውን ሰው ያስመርጣል። ያ ሰው ሞስኮ ሄዶ ማዕከላዊ ኮሚቴውን ይመርጣል። ማዕከላዊ ኮሚቴው ዋና ጸሐፊውን ይመርጣል። ዞሮ ዞሮ ከቤት! ሌኒን ታሞ ተኝቶ በዲሴምበር 1922 ባስጻፈው ማስታወሻ፣ ስታሊን በዚህ ቦታ ገደብ የሌለው ሥልጣን በእጁ እንዳከማቸ ተናገረ። በጃንዋሪ ደግሞ ሰውየው አጉል ሻካራ ነውና ይነሳ ብሎ ጨመረበት። ስታሊን ከተሾመ ገና ዓመት አልሞላውም። ረፍዷል።

ከ1923 ጀምሮ ኖሜንክላቱራ የሚባለው አሠራር መልክ ያዘ። ሁለት ዝርዝር ነው። አንዱ ያለ ፓርቲው ፈቃድ ሰው የማይሾምባቸው ቦታዎች ዝርዝር፤ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ። ሌላው ለሹመት የታሰቡ ሰዎች ዝርዝር። መንግሥት ሚኒስቴር አለው፣ ፓርላማ አለው፣ ማህተም አለው። ማን እዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን ዝርዝሩን የያዘው ነው። ለዚህ ነው ጸሐፊው ከፕሬዚዳንቱ የሚቀድመው።

የእኛ መዝገብ ቤት ሦስት የብረት ካቢኔት ነበረው። ቁልፉን ማታ ማታ ለኃላፊው አስረክባለሁ። እያንዳንዱ አባልና ዕጩ አባል ፋይል አለው። ፋይሉ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ አለ። አባትህ ስንት ጋሻ መሬት ነበራቸው? የመደብ ጀርባህ ምንድን ነው? ውጭ አገር ዘመድ አለህ? እንዲያው የሰው ጽሑፍ ሳነብ፣ ድሃ ገበሬ ያልነበረ አባት በአውራጃው ውስጥ የቀረ አይመስልም ነበር።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሁለት ሞክሼዎች ነበሩ፤ የአባታቸውም ስም አንድ ነው። አንዱ መምህር፣ አንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ። የአያት ስም ማየት ነበረብኝ። ቸኮልኩና የመምህሩን የድጋፍ ወረቀት ከንብረት ክፍሉ ሰው ፋይል ጨመርኩት። ለሥልጠና የታጨው መምህሩ ሆኖ ሳለ የሄደው ሌላው ሆነ። ስህተቱ የታወቀው ከአራት ወር በኋላ ነው። ያኔ ሰውየው ሠልጥኖ፣ ተመድቦ፣ ከረባት አስሮ ተመልሷል። ማን ደፍሮ ይንቀለው? መምህሩ ባገኘኝ ቁጥር «ሥልጣኔን የበላሽ!» ይለኝ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ያኛው ሲታሰር ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ቃጣው። ያን ጊዜ ስቀናል። የንብረት ክፍሉን ሰው ሳስብ ግን አልስቅም።

ስለዚህ ፋይል ስልህ ስለ ወረቀት ብቻ እንዳይመስልህ። በ1934 ለ17ኛው ጉባኤ ሞስኮ ከተሰበሰቡት 1,966 ተወካዮች 1,108ቱ በኋላ ታስረዋል። ይህን የተናገረው ከስታሊን በኋላ ፓርቲውን የመራው ክሩሽቼቭ ራሱ ነው፤ በ1956። ስታሊን ከ1939 እስከ 1952 ድረስ፣ 13 ዓመት ሙሉ፣ ጉባኤ የሚባል ነገር አልጠራም። ፋይሉን የያዘ ሰው ጉባኤ ምን ያደርግለታል?

ደንቡ ሕይወት የዘራው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። በጁን 1957 ከላይኛው አካል አብዛኞቹ ክሩሽቼቭን ሊያወርዱ ተስማሙ፤ ሰባት ለአራት። እሱ ደግሞ «የመረጠኝ ማዕከላዊ ኮሚቴው ነው፣ እሱ ያውርደኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ማርሻል ዡኮቭ በጦር አውሮፕላን የኮሚቴውን አባላት ከየክፍለ ሀገሩ አስመጣለት። አሸነፈ። የተሸነፉት አልተረሸኑም። ሞሎቶቭ ሞንጎሊያ አምባሳደር ሆነ፤ ማሌንኮቭ ካዛክስታን ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ኃላፊ ሆነ። በኦክቶበር 1964 ክሩሽቼቭን ከጥቁር ባሕር ዳርቻ ዕረፍቱ ጠርቶ ያወረደው ያው ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው። እሱም ጡረታ ወጣ። ከጥይት ወደ ጡረታ መድረስ ለዚያ ቤት ቀላል ለውጥ አልነበረም።

ጥያቄ፦ «ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሕዋስ አባል ነበርኩ። ከአራት ጓዶች በላይ አላውቅም፤ እነሱንም በቅጽል ስማቸው ነው። ሕዋስን ለደኅንነታችን ብለን እኛው የፈጠርነው ይመስለኝ ነበር። ልጄ "ይሄኮ ከሩሲያ የተቀዳ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዚያ ዘመን ተርፈው ከልጅዎ ጋር ለመከራከር መብቃትዎ ደስ ይላል። እውነት አላት፤ ግን ሩሲያም የፈጠረችው አይደለም። በትንንሽ ቡድን ተከፋፍሎ በምሥጢር መደራጀት እነ ካርቦናሪ በጣሊያን ከዚያ መቶ ዓመት ቀድመው ያወቁት ነገር ነው። ሩሲያኖቹ የጨመሩበት የአባልነት ትርጉም ነው።

በ1903 የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቶች 2ኛ ጉባኤያቸውን ብራሰልስ ውስጥ በአንድ የዱቄት መጋዘን ጀመሩ። የቤልጂየም ፖሊስ አላስቀምጥ ሲላቸው ወደ ለንደን ተሻገሩ። እዚያ የተጣሉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አባል ማን ነው? ማርቶቭ «በፓርቲው ድርጅት አመራር ሥር ዘወትር የሚረዳ» አለ። ሌኒን «በፓርቲው ድርጅት ውስጥ ራሱ የሚሳተፍ» አለ። ላዩን ሲያዩት የሰዋስው ክርክር ይመስላል። ልዩነቱ ግን በደጋፊና በወታደር መካከል ያለው ነው። እርስዎ የሚያውቁት ሕዋስ የሁለተኛው ልጅ ነው።

የሚገርመው በዚያች አንቀጽ ሌኒን በድምፅ ተሸንፏል። በኋላ ቡንድ የሚባለው የአይሁድ ሠራተኞች ድርጅት ተወካዮችና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወጡ። እነሱ ሲወጡ የሌኒን ወገን አብላጫ ሆነና «ቦልሼቪክ»፣ ማለት ብዙኃን፣ ተባለ። ስሙ የመጣው ሌሎቹ ጥለው ስለሄዱ ነው! ስብሰባ ረግጦ መውጣት ለሚወዱ ሁሉ እንዴት ያለ ትምህርት ነበር።

በ1920 ኮሚንተርን፣ የዓለም ኮሚኒስቶች ማኅበር፣ አባል ለመሆን ለሚፈልግ ፓርቲ 21 ቅድመ ሁኔታዎች አወጣ። ስምህን «ኮሚኒስት ፓርቲ» በል። ከሕጋዊው ጎን የኅቡዕ ድርጅት ይኑርህ። የብረት ዲሲፕሊን ይኑርህ። በየጊዜው አባላትህን አጥራ። በዚህ የተነሳ የአውሮፓ ሶሻሊስቶች ለሁለት ተሰነጠቁ። ፈረንሳዮች በዲሴምበር 1920 ቱር ከተማ ላይ ተለያዩ። እዚያ ከነበሩት ተወካዮች አንዱ በኋላ ሆ ቺ ሚን የተባለው ቬትናማዊ ነው። ጣሊያኖች በጃንዋሪ 1921 ሊቮርኖ ላይ አንዱን ቴአትር ቤት ጥለው ሌላ ቴአትር ቤት ገቡ። ከ1924 ወዲህ ደግሞ ሞስኮ ሕዋሱ በሰፈር ሳይሆን በሥራ ቦታ ይዋቀር ብላ አዘዘች። በፋብሪካ፣ በባቡር ጣቢያ፣ በመሥሪያ ቤት። እኛ ጋ «መሠረታዊ ድርጅት» የተባለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

የእርስዎ ድርጅት ኢሕአፓ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ሲመሠረት ይህ ሁሉ ቅርስ በእጁ ነበረ። ተቀናቃኙ መኢሶንም ያው ነው። ኢሠፓም ያው ነው። ሁሉም ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነትን፣ ማለት ከላይ የተወሰነው ታች ያለውን ሁሉ ያስገድዳል የሚለውን ደንብ፣ አምኖ ተቀብሏል። ሁሉም ሂስና ግለ ሂስ አለው። ሁሉም አባሉን ጓድ ይላል። እርስዎ ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ መብትዎ ነው። እኔ ግን መዝገብ ቤት ሳለሁ ከተያዙ ሰዎች የተወሰዱ ወረቀቶች አልፎ አልፎ በእጄ ያልፉ ነበር። ከእኛው ሰነድ ጎን ሳስቀምጣቸው ቃሉ አንድ ነው። ያስፈራኝ ልዩነታቸው አልነበረም።

በማርች 1921፣ የክሮንሽታት መርከበኞች ባመፁ ሰሞን፣ 10ኛው ጉባኤ በፓርቲ ውስጥ አንጃ እንዳይፈጠር ከለከለ። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። «አንጃ» የሚለው ቃል እኛ አገር ስንት ወጣት እንዳስበላ ለእርስዎ አልነግርም።

ጥያቄ፦ «አዳማ የምኖር ጡረተኛ ወታደር ነኝ። ያኔ ሶቪየቶች "ፓርቲ መሥርቱ፣ ፓርቲ መሥርቱ" እያሉ ይጨቀጭቁን ነበር። መሣሪያ ከሰጡን በኋላ ፓርቲ ምን ያደርግላቸዋል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ሶቪየቶች እሳት የነካቸው ሰዎች ነበሩ። ጋና ውስጥ ንክሩማን ደግፈው በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርድ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተነቀለ። ግብፅን አስታጥቀው ሳዳት በ1972 አማካሪዎቻቸውን በሺህ እየቆጠረ አባረረ። ከዚህ የተማሩት ነገር ሰው ይቀየራል የሚል ነው። ፓርቲ ግን ደንብ አለው፣ ጉባኤ አለው፣ ከሞስኮ ጋር የሚጻጻፍ ክፍል አለው። መሪው ቢሞት ፋይሉ ይቀጥላል።

እርስዎ ኦጋዴን ዘምተው ከሆነ የሚቀጥለው ያስቅዎታል። ሶማሊያ በ1976 ፓርቲ መሠረተች፤ ሶቪየቶችም ደስ አላቸው። ከ16 ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 1977፣ ዚያድ ባሬ ሶቪየቶቹን ጠራርጎ አስወጣ። ፓርቲውም አብሮ አጨበጨበ።

ኩባም አብዮቱን አስቀድማ ፓርቲውን አስከትላለች። አብዮቱ 1959፣ ፓርቲው 1965፣ የመጀመሪያው ጉባኤ 1975። እኛም መንገዱ ያው ነበር፤ የእኛው ግን ደም ሲበዛበት ነው። መጀመሪያ ኢማሌድኅ የሚባል የአምስት ድርጅቶች ኅብረት ነበረ። እነ መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና ሰደድ። እርስ በርስ ተበላሉና ኅብረቱ ተበተነ። በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ፓርቲውን የሚያደራጀው ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ ሲቋቋም ድርጅት ሳይሆን ግለሰብ ብቻ ነው የሚገባው ተባለ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ሲታወጅ 11 የፖሊት ቢሮ አባላት ነበሩት፤ ቁልፍ ቁልፉ ቦታም በደርግ ሰዎች ተያዘ። ፓርቲው ሠራዊቱን ይመራል ተብሎ የታሰበ ነገር፣ ሠራዊቱ ፓርቲ ሆኖ ቁጭ አለ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ» እንድንባል ተወሰነ። እኛ ጋ አዲሱ ማህተም እስኪቀረጽ አሮጌውን ተጠቀሙ የሚል ደብዳቤ መጣ። አዲሱ ማህተም እስከ መጨረሻው አልደረሰንም።

ጥያቄ፦ «ጎንደር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በምርጫ ካርድ ገብቶ በምርጫ ካርድ የወጣ ኮሚኒስት ፓርቲ አለ?»

መልስ፦ አለ፤ ደግሞም ከምታስቢው በላይ። ትንሿ ሳን ማሪኖ ከ1945 ጀምሮ ለ12 ዓመት ኮሚኒስቶችና ሶሻሊስቶች ተጣምረው አስተዳድረዋታል። በሕንድ ኬረላ በኤፕሪል 1957 ኮሚኒስቶች ምርጫ አሸንፈው ናምቡዲሪፓድ የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆነ። የመሬት ሕግና የትምህርት ቤት ሕግ ሲነካኩ ተቃውሞ በዛ፤ በ1959 ማዕከላዊው መንግሥት አሰናበታቸው። አልሸፈቱም። ቀጣዩን ምርጫ ጠበቁ፤ ወጡ፣ ገቡ፣ ደግሞ ወጡ። ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ ደግሞ ከ1977 እስከ 2011 ድረስ፣ 34 ዓመት፣ በየምርጫው እያሸነፉ ቆይተው ሲሸነፉ ቢሮውን ለቀቁ። ቆጵሮስ በ2008 የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ፕሬዚዳንት አድርጋ መርጣለች፤ የአምስት ዓመት ዘመኑን ጨርሶ ወረደ።

እኔ ግን ስለ ጣሊያኖቹ ማውራት እወዳለሁ። በአገር ደረጃ መንግሥት መርተው አያውቁም፤ ግን ቦሎኛ ከተማን ከ1945 ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አስተዳድረዋል። በ1976 ምርጫ 34.4 በመቶ አገኙ። ከሦስት ጣሊያናዊ አንዱ ማለት ነው። መሪያቸው ኤንሪኮ በርሊንጉዌር ጸጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ልብሱ የሚሰፋው ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ለአንድ ጋዜጣ ሲናገር ሶሻሊዝምን ከኔቶ ጥላ ሥር ሆኖ መገንባት የበለጠ እንደሚያስተማምነው ገለጸ። አስቢው፤ ኮሚኒስት ነው ይህን የሚለው!

ፓርቲው በየክረምቱ ለጋዜጣው ለሉኒታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በዓል ያዘጋጅ ነበር። አባላቱ ራሳቸው ፓስታ ይቀቅላሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ዳንስ አለ፣ ክርክር አለ። ይህ ነው የሚያስቀናኝ። እኛ ጋ የፓርቲ በዓል ማለት ፀሐይ ላይ ተሰልፎ መፈክር መሸከም ነው። ማንም ወጥ ሠርቶ አልጠራንም።

በጁን 1984 በርሊንጉዌር ፓዶቫ ከተማ መድረክ ላይ ንግግር ሲያደርግ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ንግግሩን ለመጨረስ ሲታገል ሕዝቡ «ይብቃህ» እያለ ይጮህለት ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ሮም ላይ ለቀብሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። በዚያው ሳምንት በተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ፓርቲው ለመጀመሪያ ጊዜ በጣሊያን አንደኛ ወጣ፤ 33.3 በመቶ። የበርሊን ግንብ በፈረሰ በሦስተኛው ቀን አዲሱ መሪ አኪሌ ኦኬቶ ስም የመቀየሩን ነገር አነሳ። ከዓመት በላይ ተከራከሩ፣ ተላቀሱ፣ ድምፅ ሰጡ። በ1991 ራሳቸው በጉባኤ ዘጉት።

ድምፅ ማግኘት ብቻውን አያድንም፤ ይህንንም እወቂው። የኢንዶኔዥያው ፓርቲ በ1955 ምርጫ 16 በመቶ ያገኘ፣ ሚሊዮኖች አባላት የነበሩት ሕጋዊ ፓርቲ ነው። በ1965 እና 66 በጅምላ ተጨፈጨፉ። የሟቾቹ ቁጥር በብዙ መቶ ሺዎች ይገመታል። የአባላቱ ስም ዝርዝር በግልጽ የተያዘ መሆኑ ለገዳዮቹ ሥራ አቀለለላቸው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤታችን ሱዳንም በ1971 የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ተከትሎ ኒሜሪ የኮሚኒስቱን መሪ አብዱልኻሊቅ ማህጁብን ሰቀለው።

ጥያቄ፦ «ከዱባይ ነው። አሁን ኮሚኒስት ፓርቲ የሚባል ነገር አለ ወይስ አለቀለት?»

መልስ፦ አለ። ቻይናን፣ ቬትናምን፣ ላኦስንና ኩባን ይገዛል። የቻይናው በጁላይ 1921 ሻንጋይ ላይ ሲጀመር ከአሥር ትንሽ የበለጡ ሰዎች ናቸው የተሰበሰቡት። የማያውቁት ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ስላስደነገጣቸው የመጨረሻውን ስብሰባ ሐይቅ ላይ በጀልባ ነው ያደረጉት። ዛሬ አባሉ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ነው። ደመወዝተኛው አባል በየወሩ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ያዋጣል። ሺ ጂንፒንግ ዋና ጸሐፊ የሆነው በኖቬምበር 2012 ነው፤ ፕሬዚዳንት የሆነው በማርች 2013። የሐዋሳው ልጅ ይህንን ያንብብ።

ጥያቄ፦ «ደሴ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ሳጥኑን ሳራግፍ ከሥሩ የኢሠፓ አባልነት ደብተሩን አገኘሁት። እንዳስቀመጠው እንኳ አላውቅም ነበር። ልጆቼ "አቃጥይው፣ ምን ያደርግልሻል" ይሉኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አያቃጥሉት።

እኔ የራሴን አቃጥያለሁ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ የሌኒን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ ተገንድሶ በወደቀበት ሳምንት። ሰፈሩ በሙሉ ይጨስ ነበር። ምን እንደሚቃጠል ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ነበር። ደብተሬን ማንደጃው ላይ ጣልኩት። የሽፋኑ ሽታ ጀበናውን ሁሉ ነካውና ቡናው አልተጠጣም። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሄዳ ውኃ ደፋችበት።

በኋላ ታሪክ ሳጠና ነው የቆጨኝ። በርሊን ውስጥ በጃንዋሪ 1990 ሕዝቡ የደኅንነቱን ዋና መሥሪያ ቤት የወረረው ወረቀቱ እንዳይጠፋ ነው። ያ ሕዝብ ያንን መሥሪያ ቤት ይወደው ስለነበር እንዳይመስልዎት። የገዢው ፓርቲ ሰነድም ተርፎ ዛሬ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ይነበባል። የእኛ አውራጃ ሦስት ካቢኔት ግን የት እንደገባ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ደብተሩን ገለጥ አድርገው ይዩት። ወርሃዊ መዋጮ የተከፈለበት ገጽ ይኖራል። እስከ የትኛው ወር ይሄዳል? በእኛ መዝገብ ከ1982 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ መስመሩ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ሰዉ አፉን ሳይከፍት መክፈሉን አቆመ። አንዳንዱ ግን እስከ ሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከፍሏል። አምኖ ይሁን ፈርቶ፣ ወይም ልማድ ሆኖበት፣ ደብተሩ አይናገርም። ባለቤትዎ የትኛው እንደነበሩ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ይጠይቁዎት ይሆናል።

ፌስታል ውስጥ አያስቀምጡት፤ ያልበዋል። በወረቀት ፖስታ አድርገው ከወፍራም መጽሐፍ መሃል ይክተቱት። ፖስታው ላይ ስማቸውን በእርሳስ ይጻፉበት፤ እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ይሰርጋል። ስማቸውን ሲጽፉ ደግሞ ከነአያታቸው ይሁን። ሞክሼ አይጠፋም።